ደም ማድረቅ

በየካቲት ሌሊት፣ ተንደር ቤይ ወደብ ላይ፣
ሐይቁ በረዶ ለብሶ፣ ሳይለይ ከሰማይ፣
ከስንዴው ጎተራ ፉርጎ ሲጎትቱ፣
የብረት ገመዱ ተበጥሶ በብርቱ፣
ታውኖ ሃርዩን መታው፣ ግራ ጉንጩ ላይ።

ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ጺሙ ላይ የረጋው
ደም ቀዝቅዞ ነበር ባልደረባው ሲያመጣው።

እኔ የማነበው ሥዕል ነው፤ ሰውዬው አይደለም።
ነጭና ግራጫ ነው፤ ሌላ ቀለም የለም።
የጉንጩ አጥንት ሦስት ቦታ ተሰብሯል፣
የሳይነሱ ግድግዳ እንደ እንቁላል ተሰንጥቋል፤
ቆጠርሁ፣ ለካሁ፣ ጻፍሁ፤ እጄም አልደከመም፤
ከሥሩ ጨመርሁ፦ “የደም ሥር ጉዳት የለም።”

የለም። ሦስት ፊደል።

ቀለም ሳይሰጠው ነበር የተነሣው ያ ሥዕል፤
ያለ ቀለም ደግሞ የደም መንገድ አይገለጥም፣ አይታይም እንኳን ለንስር ዓይን።
ይህን አውቅ ነበር። ሌሊቱ ረዝሞ ነበር።

ሰፉት፤ አጥንቱንም በስስ ብረት ገጠሙ፤
በአራተኛው ቀን ሸኙት ከነሕመሙ።

በአሥራ አንደኛው ሌሊት አፍንጫው ነሰረ፤
ሁለት ፎጣ ሞልቶ በራሱ ቆመ፣ ቀረ።
“የክረምት ደረቅ አየር ነው” እያለ መጣ፣
“ልጄ ነዝንዛኝ እንጂ ማን ከቤቱ ሊወጣ!”

ሐኪሙ አፍንጫውን ጥጥ ሊወትፍ ሲያስብ፣
ዳርሊን ፔልቲየር፣ ነርሷ፣ ከሰው ፊት ነገር የምታነብ፣
ማዳመጫዋን አወጣች፤ ከደረቱ አይደለም፣
ከጉንጩ ላይ አኖረች። “ዝም በሉ። ዝም።”
ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤
ኋላም አውልቃ ጆሮዬ ላይ ሰካች።

ሹ… ሹ… ሹ…
በበር ሥር የሚገባ ነፋስ፣
በልብ ምት ልክ የሚመላለስ።
ላዩ ድኗል፤ ስፌቱም ተነቅሏል፤
ውስጡ ግን ውስጠ ወይራ፣ ውስጡ ሰው ይጣራል።

አሁን ቀለም ሰጠነው፤ በክንዱ አለፈና
የፊቱ ወንዞች ሁሉ ወጡ ከደመና።
ከመንጋጋው ጀርባ፣ ከጥልቁ ስፍራ፣
የወይን ፍሬ የሚያህል አንድ ነጭ ነገር በራ፤
ግድግዳ የሌለው ቤት፣ ደም የሠራው ጓዳ፣
የሚፈነዳበትን ቀን የሚቆጥር እንግዳ።
ያ ሁለት ፎጣ ደም መልእክተኛ ኖሯል፤
ዋናው ጦር ከኋላ፣ በሩ ላይ ሰፍሯል።

ዶክተር ኦክሳና ቦይቹክ የእርሳስ ካባዋን ደረበች።
ከብሽሽቱ ጀምራ፣ ቀጭን ቱቦ ይዛ፣
በልቡ ደጅ አልፋ፣ ወደ አንገት ተጉዛ፣
ከመንታው መንገድ ቆመች።
አንዱ ወደ አንጎል ነው፤ ስሕተት አይወድም፤
ቋንቋው፣ ቀኝ እጁ፣ የሚስቱ ስም በዚያ ነው።
ሌላው ወደ ፊት ነው።

“ከዚህ ብቻ ብዘጋው” አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል፣
“ደም ዘመድ አያጣም፤ በጓሮ ይመጣል።”
ስለዚህ አስቀድማ እብጠቱን ተሻገረች፣
ከማዶ የፕላቲነም ጥቅልል ጣለች፣
ከዚያም ወዲህ ማዶ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
ቀለም ስንልክበት ከደጁ ተመለሰ።

ደም ማድረቅ ስንል ዕርቅ ማለታችን ነው፤
ቂም በቋጠሩ ሁለት ወገኖች መካከል
ሽማግሌ ሲገባ ነው።
ያን ሌሊት ሽማግሌው ከፀጉር የቀጠነ ክር ነበር፤
በአንድ ገመድና በአንድ ጉንጭ መካከል።

ዳርሊን ጉንጩን እንደገና አዳመጠች።
ምንም።

ሲነጋ ታውኖ በመስኮቱ ወጣ ብሎ አየና
ከሐይቁ ማዶ በጀርባው የተንጋለለውን ተራራ፣
የተኛው ግዙፍ የሚሉትን፣ አገጩ በረዶ የያዘውን፣
“እሱንስ ማን አዳመጠው?” አለ፣
በግማሽ አፉ እየሣቀ።

እኔ ጨለማ ክፍሌ ገባሁ፤ የቀድሞ ጽሑፌን ከፈትሁ።
“የለም” እንዳለ ነው። መሰረዝ አይፈቀድም፤
ከሥሩ መጨመር እንጂ።
ቀኑንና ሰዓቱን አኖርሁ፤
“አላየሁም” ብዬ ጻፍሁ።
ፈረምሁ።